ለ1 ለ10 የእንፋሎት ሞተር ሞዴል የሚስማማው ብሎን የትኛው ነው? ከመብሳቴ በፊት ምክር እፈልጋለሁ

የአራት ኪሎ ሞርሳ — ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2፡40

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ ዓመት በላይ በትርፍ ሰዓቴ ስሠራው የቆየሁት አግድም የተኛ ባለ አንድ ሲሊንደር የእንፋሎት ሞተር ሞዴል አሁን ክዳኖቹ የሚታሰሩበት ደረጃ ላይ ደርሷል። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 20 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 40 ሚሊሜትር ነው። መጠኑ 1 ለ10 ስለሆነ፣ እውነተኛው ሞተር ቢኖር ኖሮ ባለ 200 ሚሊሜትር ሲሊንደር የወፍጮ ወይም የዎርክሾፕ ሞተር ይሆን ነበር ማለት ነው።

ሲሊንደሩን የሠራሁት ከምናለሽ ተራ በኪሎ ከገዛሁት ወፍራም የናስ ዘንግ ነው። ክዳኖቹም ናስ ሲሆኑ 34 ሚሊሜትር ስፋትና 3 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው፤ መሠረቱ ደግሞ የብረት ላሜራ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የቶርኖ ቤት ያለው ወዳጄ እሑድ እሑድ ማሽኑን ይፈቅድልኛል፤ የቀረው ሥራ የሚሠራው እቤቴ በረንዳ ላይ በሞርሳና በሞረድ ነው።

ችግሬ እንደሚከተለው ነው። ለሙከራ በቆረጥኩት ክዳን ላይ ባለ ጉድጓድ ራስ የአለን ብሎን፣ ኤም 3 (ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ)፣ ስድስት ፍሬ አሰርኩ። ቀዳዳዎቹ በ28 ሚሊሜትር ክብ ላይ ስለተሰለፉ፣ የብሎኖቹ ራስ ከክዳኑ ጠርዝ የሚርቀው በሩብ ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። ባለቤቴ አየችውና «ይህ ደግሞ የምን ቡታጋዝ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ልክ እንደሆነች ስለገባኝ ፈታሁት።

ስለዚህ ጥያቄዬ፣ ወደ ኤም 2 ወይም ወደ ኤም 2.5 ብወርድ ጥንካሬው ይበቃ ይሆን? ስንት ፍሬስ ላድርግ? ሞተሩ የሚሠራው ከኮምፕሬሰር በሚመጣ ከ2 እስከ 4 ባር በሆነ አየር ነው፤ ወደፊት ግን በእንፋሎት ላስነሣው አስባለሁ። አንድ ጊዜ ናሱን ከበሳሁት መመለሻ ስለሌለው ቸኩዬ መሥራት አልፈለግሁም።

ጋሽ ቶርኖ — ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ከመብሳትህ በፊት መጠየቅህ ግማሹን ሥራ ሠርቶልሃል። ጥንካሬው ላይ ያለህን ስጋት በስሌት እናስወግደው።

ጓርኒሲዮኑ (በክዳኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በትንሹ ቢያፈስና ግፊቱ እስከ ብሎኖቹ ክብ ድረስ ቢገባ ብለን ክፉውን እናስብ። የ28 ሚሊሜትር ክብ ስፋት 616 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው። 4 ባር ማለት በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 0.4 ኒውተን ስለሆነ፣ ክዳኑን የሚገፋው ኃይል 246 ኒውተን፣ በእኛ አነጋገር 25 ኪሎ ያህል ይሆናል። ይህን ለስድስት ብታካፍለው ለእያንዳንዱ 41 ኒውተን ይደርሰዋል። ኤም 2 ብሎን ሸክም የሚችልበት የብረት ስፋቱ 2.07 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር የሚያርፍበት 20 ኒውተን ብቻ ነው። ደካማው የብሎን ደረጃ 4.6 እንኳ እስከ 240 ድረስ ሳይለጠጥ ይችላል። አሥራ ሁለት እጥፍ ተረፈህ ማለት ነው። በደረጃው ቁጥር ላይ የመጀመሪያው አኃዝ በመቶ ሲባዛ የመበጠሻውን ጉልበት ይሰጥሃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ውስጥ ስንት አሥረኛው ሳይለጠጥ እንደሚችል ይነግርሃል። 8.8 ከሆነ 800 እና 640 ነው።

እንግዲህ እንፋሎቱ ብሎንህን አይበጥሰውም። የሚበጥሰው የገዛ እጅህ ነው። ለስላሳ ኤም 2 ብሎን የሚለጠጠው ወደ 500 ኒውተን ሲጠጋ ነው። አሥር ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ቁልፍ ይዘህ በጫፉ ላይ የ300 ግራም ያህል ክብደት ብታሳርፍበት፣ በግምት 750 ኒውተን መሳቢያ ትፈጥራለህ። 300 ግራም ማለት ሁለት ሦስት መካከለኛ ቲማቲም ነው! ለዚህ ነው በትንንሽ ብሎን ላይ የጋራዥ ሰው እጅ የማላምነው። አጭር ቁልፍ ወይም ቀጭን ካቻቢቴ ይዘህ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ አጥብቀው።

ስለ ብዛቱ የምነግርህ ከጥንካሬ ጋር የሚገናኝ አይደለም። ክዳንህ 3 ሚሊሜትር ስለሆነ በብሎኖቹ መካከል ትንሽ ሊጎብጥ ይችላል፤ ጓርኒሲዮኑ የሚያፈሰውም እዚያ ላይ ነው። ስድስት ብታደርግ በመካከላቸው 14.7 ሚሊሜትር፣ ስምንት ብታደርግ 11 ሚሊሜትር ይሆናል። እኔ ብሆን ስምንት ኤም 2 አደርግ ነበር።

ባቡር ወዳጅ — ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጋሽ ቶርኖ ስለ ጥንካሬው ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔ የምጽፈው ስለሚታየው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሞዴልን ሞዴል የሚያሰኘው ዓይን ነው።

የመጀመሪያው ነገር የራሱ ዓይነት ነው። የአለን ብሎን በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተመዘገበለት እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ ፊሊፕስ የምንለው የመስቀል ራስ ደግሞ በ1930ዎቹ ውስጥ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ የእንፋሎት ሞተር የሲሊንደር ክዳን የሚታሰረው በሲሊንደሩ ጠርዝ ላይ በተተከሉ ራስ አልባ ብሎኖችና በላያቸው በሚገቡ ባለ ስድስት ማዕዘን ዳዶዎች ነበር። ስለዚህ ከውጭ በሚታይ ቦታ ላይ አለንም መስቀልም አይግባ። መሠረቱ ሥር የሚደበቀውን ግን በፈለጉት እሰሩት፤ ሞተሩን ገልብጦ የሚያይ እንግዳ ለመመለስም ይቸግራል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ብሎን ሲያንስ ራሱ በዚያው ልክ አያንስም። ዛሬ በሱቅ የሚሸጥ ኤም 20 ዳዶ ቁልፍ የሚይዘው ስፋቱ 30 ሚሊሜትር ነው፤ የብሎኑ አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ኤም 3 ግን 5.5 ሚሊሜትር፣ ኤም 2 ደግሞ 4 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው። ኤም 2 የብሎኑ ሁለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ኤም 20ን በአሥር ብናሳንስ ብሎኑ 2 ሚሊሜትር፣ ዳዶው 3 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው፣ የሱቁ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። በአንድ ዳዶ ላይ ትርፉ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ስምንቱን በአንድ ክብ ላይ ሲደረድሯቸው ግን ዓይን ወዲያው «መጫወቻ ነው» ይላል።

ሆኖም በጣም አሳንሰው እንዳያጠፉትም እጠነቀቃለሁ። የድሮ ዳዶ ከዛሬው ይተልቅ ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ባቀረበው የብሎን ጥርስ ሥርዓት መሠረት ይሠሩ የነበሩት የሦስት አራተኛ ኢንች ዳዶዎች ከጎን እስከ ጎን 1.3 ኢንች፣ ማለትም 33 ሚሊሜትር ነበሩ። ሞተርዎ የእንግሊዝ ሥራ ነው ብለው ካሰቡ፣ 3.2 ወይም 3.3 ሚሊሜትር የሆነ ዳዶ በኤም 2 ብሎን ላይ ልክ ይመጣል።

የውጭ ሞዴል ሠሪዎች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ራሱ በአንድ ደረጃ ያነሰ ብሎንና ዳዶ ይገዛሉ። እዚህ ስለማይገኝ ወደ ሞረድ መመለሳችን ነው። የኤም 1.6 ዳዶ ከጎን እስከ ጎን 3.2 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ከተገኘ በ1.6 ፑንታ (መብሻ) ውስጡን አስፍቶ የኤም 2 ጥርስ ማውጣት ይቻላል። ግድግዳው 0.6 ሚሊሜትር ይቀረዋል፤ ጋሽ ቶርኖ ላሰሉት ሸክም ይበቃል። ካልተገኘም የኤም 2 ዳዶዎችን ደርድሮ መሞረድ ነው፤ ዘዴውን ሲደርሱበት እነግርዎታለሁ።

የአራት ኪሎ ሞርሳ — ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 11፡30

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወርጄ መርካቶ ገባሁ፤ ሊነገር የሚገባው ገጠመኝም አገኘሁ።

ብሎን በሚሸጥበት መደብር «ቁጥር 4 ዳዶ አለዎት?» ብዬ ጠየቅሁ፤ በልቤ ያሰብኩት ቁልፉ 4 የሆነውን፣ ማለትም ኤም 2ን ነበር። ሻጩ ኤም 4 አውጥቶ ሰጠኝ፤ ያም ቁልፉ 7 የሆነው ነው። «አይ፣ ከዚህ ያነሰ» ስለው ኤም 3 አመጣ። ሦስተኛ ጊዜ ስመልስበት «ወንድሜ፣ ለሰዓት ነው እንዴ የምትፈልገው?» አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። በመኪና ጋራዥ ውስጥ «የ10 ብሎን» ሲባል ቁልፉ 10 የሆነው ኤም 6 ነው፤ በብሎን ሱቅ ግን የሚጠራው የብሎኑ ውፍረት ነው። ከዚያ በኋላ ካሊፐሬን ከኪሴ አውጥቼ ለክቼ ማሳየት ጀመርኩ፤ መግባባታችንም ቀለለ። ሱቁ ከኤም 3 በታች አይይዝም።

ፒያሳ የማውቃቸው ሰዓት ሠሪ ደግሞ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ወዴት እንደሄዱ አላወቅሁም። በመጨረሻ ኤም 2 ያገኘሁት ከአሮጌ ላፕቶፖች ከሚፈታ የብሎን ክምር ውስጥ ነው። አንድ የጃም ጠርሙስ ሙሉ ብሎን በርካሽ ገዛሁ፤ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፌ እየለየሁ ነው። ብዙዎቹ የመስቀል ራስ ያላቸውና አጫጭር ናቸው። አንዳንዶቹ ጥርሳቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም የመሰለ ነገር ተቀብቶባቸዋል። ኤም 3 የሚመስሉም አሉ፤ ነገር ግን ወደ ኤም 3 ዳዶ አንድ ዙር እንኳ ሳይገቡ ይጠብቃሉ። እነዚህ ምንድን ናቸው?

ጠጋኙ — ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 1፡10

ጤና ይስጥልኝ። ኮምፒውተር ጥገና ላይ ስለምሠራ ይህን ጥያቄ እኔ ብመልሰው ይሻላል።

የሚጠብቁት ብሎኖች ኤም 3 አይደሉም። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሣጥንና ትልቁ ሃርድ ዲስክ የሚታሰሩበት ብሎን የአሜሪካ ልኬት ሲሆን፣ ቁጥር 6 ባለ 32 ጥርስ ይባላል። ውፍረቱ 3.5 ሚሊሜትር፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 32 ጥርስ ስላለው የጥርሱ ርቀት 0.79 ሚሊሜትር ነው። የኤም 3 ጥርስ ርቀት ግን 0.5 ሚሊሜትር ነው። የሲዲ ማጫወቻና የትንሹ ሃርድ ዲስክ ብሎን እውነተኛ ኤም 3 ስለሆነ፣ ሁለቱ ከአንድ ኮምፒውተር ወጥተው አንድ ጠርሙስ ውስጥ ይገባሉ። በዓይን ሲያዩአቸው የአንዱ ጥርስ ሻካራ፣ የሌላው ደቃቅ ነው። እኔ ሁለት ብሎኖችን ጎን ለጎን አድርጌ ጥርሳቸውን አጋጥሜ ወደ ብርሃን አቀርባለሁ፤ ክፍተት ካሳዩ አንድ ዓይነት አይደሉም። የአሜሪካውን በናስዎ ውስጥ በጉልበት ቢያስገቡት ቀዳዳው ያልቃል።

ሰማያዊው ነገር ብሎኑ በንዝረት እንዳይፈታ ፋብሪካው የሚቀባው ነው። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በናስ ውስጥ በወጣ አዲስ ጥርስ ላይ ስሜትዎን ያጠፋዋል። ብሎኑ እየጠበቀ ያለው በቅባቱ ምክንያት ይሁን በጥርሱ መበላሸት መለየት አይችሉም። በምላጭ ይፋቁት።

ከፕላስቲክ ውስጥ የወጡ፣ ጥርሳቸው የተራራቀና ጫፋቸው የሾለ ብሎኖች ደግሞ ለእርስዎ ሥራ ምንም አይረቡም፤ መጀመሪያ እነሱን ለይተው ይጣሉ።

ልኬት — ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ምን ይደክማሉ? የእንግሊዝ ሞዴል ሠሪዎች ቢኤ የሚባለውን ብሎን ይጠቀማሉ፤ ራሱ ያነሰ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ቢያገኙና ቢያስመጡ ይሻላል። እኔ 8 ቢኤ አስመጥቼ ተጠቅሜያለሁ።

ባቡር ወዳጅ — ጥቅምት 16፣ ከቀኑ 7፡45

ወንድሜ ልኬት፣ ቢኤ መልካም ብሎን ነው። ነገር ግን ወደ አንድ አውደ ጥናት ሁለት የጥርስ ሥርዓት ማስገባት የሚያመጣውን ጣጣ ከጠጋኙ መልስ አይተነዋል። 8 ቢኤ 2.2 ሚሊሜትር ውፍረትና 0.43 የጥርስ ርቀት፣ የጥርሱ ማዕዘን ደግሞ 47.5 ዲግሪ ነው፤ ኤም 2 በ0.4 እና በ60 ዲግሪ ነው። በመልክ ወንድማማች ናቸው፤ ዳዶ ግን አይዋዋሱም። ለማንኛውም እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ1884 የተቀበሉት ይህ ሥርዓት ከስዊስ የሰዓት ሥራ የተወሰደ ነውና፣ ልኬቱ ከጅምሩ በሚሊሜትር የተመሠረተ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ማስኪዮውም (ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ማውጫው)፣ ፊሊዬራውም (ዘንግ ላይ ጥርስ ማውጫው)፣ ዳዶውም አንድ ላይ ከውጭ የሚመጣለት ሰው ይጠቀምበት። አንድ ማስኪዮ ሲሰበር ሥራው ለወራት የሚቆምበት ሰው ግን ከሜትሪክ ባይወጣ ይሻለዋል።

ጋሽ ቶርኖ — ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 3፡15

የላፕቶፑን ብሎን መሠረቱ ሥር ለሚደበቀው ሥራ አስቀምጠው። ለክዳኖቹ ራስ አልባውን ብሎን ራስህ ሥራው፤ ከምታስበው ይቀላል።

የብስክሌት ጎማ ሽቦ ፈልግ። አብዛኛው መሐሉ ላይ 2 ሚሊሜትር ስለሆነ ለኤም 2 የተዘጋጀ ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የራሱ ጥርስ ግን በጥቅልል የተሠራ፣ ወፈር ያለና ከኤም 2 ጋር የማይገናኝ ስለሆነ ቆርጠህ ጣለው። በ12 ሚሊሜትር እየቆረጥህ፣ ጫፉን በሞረድ በትንሹ አሹለህ፣ በፊሊዬራ በአንዱ በኩል 4፣ በሌላው በኩል 5 ሚሊሜትር ጥርስ አውጣ። ሽቦው ጠንከር ያለ ስለሆነ ዘይት አትንፈገው፤ ግማሽ ዙር ሄደህ ሩብ ዙር ተመለስ።

ለምን ራስ አልባ? አንደኛ ባቡር ወዳጅ እንዳለው የድሮው ሥራ እንደዚያ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከመልክ ይበልጣል። ይህን ክዳን ቢያንስ ሃያ ጊዜ ትፈታዋለህ፤ ጓርኒሲዮን ትቀይራለህ፣ የፒስተኑን ማሸጊያ ታስተካክላለህ። ራስ ያለው ብሎን በተፈታና በታሰረ ቁጥር የናሱን ጥርስ ይበላዋል። ራስ አልባው ግን አንዴ ከተተከለ አይነቃነቅም፤ የሚበላው ዳዶው ነው፤ ዳዶ ደግሞ ይቀየራል። ሲሊንደር ግን አይቀየርም።

ጥልቀቱን በሚመለከት፣ ብሎኑ ብረት ውስጥ ሲገባ የራሱን ውፍረት ያህል፣ ናስና ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ብረት) ውስጥ አንድ ተኩል፣ አሉሚኒየም ውስጥ ሁለት እጥፍ ይግባ። ላንተ 3 ሚሊሜትር ሙሉ ጥርስ ይበቃል፤ የማስኪዮው ጫፍ ሾጣጣ ስለሆነ ግን ቀዳዳውን እስከ 5 ሚሊሜትር አጥልቀው። ጠርዝህ ያን ያህል ውፍረት እንዳለው ቀድመህ ለካ።

መጽሐፍ ለኤም 2 የ1.6 ፑንታ ይልሃል፤ ትክክል ነው፤ ጥርሱም ከሙሉው 77 በመቶ ይወጣል። እኔ ግን በናስ ላይ 1.7 ብትጠቀም አልወቅስህም። ጥርሱ ወደ 58 በመቶ ይወርዳል፤ ላንተ ሸክም ከበቂ በላይ ነው፤ ማስኪዮው ግን በጣም ይቀለዋል። የኤም 2 ማስኪዮ የክብሪት እንጨት ያህል ነው፤ ሲሰበርም አያስጠነቅቅም።

የአራት ኪሎ ሞርሳ — ጥቅምት 23፣ ከምሽቱ 4፡50

ጋሽ ቶርኖ፣ ባለማዳመጤ ተቀጥቻለሁ። «መጽሐፉ ያለውን ልያዝ» ብዬ በ1.6 በሳሁ። አራቱ ቀዳዳዎች ያለ ችግር ወጡ። አምስተኛው ላይ ደክሞኝም ነበር፣ መብራቱም ከጀርባዬ ስለነበር የማስኪዮው መያዣ ትንሽ ማዘንበሉን አላየሁም። ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ መያዣው በእጄ ውስጥ ቀለለ። ማስኪዮው ከናሱ ፊት አንድ ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ተሰብሯል፤ በመርፌ ጫፍም ቢሆን የሚያዝ ነገር የለውም። በመዶሻና በነጥብ መምቻ ልነካው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። አንድ ዓመት የፈጀ ሲሊንደር ነው። ምን ላድርግ?

ጠጋኙ — ጥቅምት 23፣ ከምሽቱ 5፡05

እባክዎን መዶሻውን ያስቀምጡ። የማስኪዮ ብረት ደረቅ ስለሆነ ይፈረካከስና ናሱን ይቧጥጠዋል።

ጋሽ ቶርኖ — ጥቅምት 24፣ ከጠዋቱ 12፡40

አይዞህ፤ ሲሊንደርህ ናስ በመሆኑ ዕድለኛ ነህ። ቆዳ አልፊዎች የሚጠቀሙበት አሉም የሚባል ነጭ ጨው አለ። የሚችለውን ያህል በሙቅ ውኃ አሟሟው፤ ሲሊንደሩን በመስታወት ወይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ ዘፍቀህ ለመፍላት በተቃረበ ሙቀት ላይ አቆየው። በብረት ድስት አታድርገው፤ ድስቱንም ይበላዋልና። አሉሙ የማስኪዮውን ብረት ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ናሱን ግን አይነካውም። ከቀዳዳው ደቃቅ የአረፋ ክር ሲወጣ ካየህ እየሠራ ነው። የአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከቆላው ሰው ትንሽ ትዘገያለህ፤ አንድ ሙሉ ቀን ቢፈጅ አትደነቅ። ውኃው ሲጎድል ሙላለት፣ መስኮት ክፈት፣ ከልጆችም አርቀው። ከዚያ የቀረው ጥቁር ቅሪት በመርፌ ተፍቆ ይወጣል።

ሲሊንደሩ የብረት ወይም የጊዛ ቢሆን ኖሮ ይህን ምክር አልሰጥህም ነበር፤ አብሮ ይበላዋል።

ልኬት — ጥቅምት 25፣ ከቀኑ 6፡20

ከዚሁ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የማይዝግ ብረት ብሎን ይሻላል ወይስ ተራው? ወደ እንፋሎት ሲኬድ ዝገት አይቀርምና። ደግሞስ እንዳይፈታ ማጣበቂያ ይቀባል?

ባቡር ወዳጅ — ጥቅምት 25፣ ከቀኑ 9፡10

የማይዝገው ብረት አይዝግም፤ ነገር ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ የማይዝግ ዳዶ በማይዝግ ብሎን ላይ በደረቁ ከተጠበቀ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይነካከሳሉ፤ አንዳንዴም ተጣብቀው ብሎኑን ቆርጦ ከማውጣት በቀር አይለያዩም። ጠብታ ቅባት ይህን ያስቀራል። ሁለተኛው መልኩ ነው። ነጭ ብልጭታው ድሮ ከነበረው ጥቁር ብረት ጋር አይሄድም፤ ለዚህ እኔ ተራውን ብረት አሙቄ በዘይት ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ በዘይትም ከተጠበቀ በቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል። የማይዝግ ብረትን በአሉሚኒየም ላይ ማሰር ግን እርጥበት ባለበት ቦታ አሉሚኒየሙን ያስበላል።

ማጣበቂያውን በተመለከተ፣ ለትንንሽ ብሎን የሚሆነው ሎክታይት 222 የሚባለው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ደካማው ነው። በክራንኩና በቮላኖው (በሚሽከረከረው ከባድ ጎማ) አካባቢ፣ ንዝረት ባለበት፣ አንድ ጠብታ አይከፋም። በሲሊንደሩ ክዳን ላይ ግን አያስፈልግም። የ4 ባር እንፋሎት ሙቀቱ ወደ 150 ዲግሪ ይጠጋል፤ ማጣበቂያው የሚችለውም እስከዚያው ድረስ ነው። እዚያ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው የተጨመቀው ጓርኒሲዮን መልሶ የሚገፋው ግፊት ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ይህ ሁሉ የምንነጋገረው ስለ ሞተሩ ነው። በማፍያው ጋን ላይ ግን የናስ ብሎን እንዳይገባ፤ ሙቅ ውኃ ዚንኩን ከናሱ ውስጥ እያወጣ ባዶ ስፖንጅ ያደርገዋል። እዚያ የሚገባው ነሐስ ወይም መዳብ ነው፤ ጋኑም ራሱን የቻለ ሌላ ጥናት ይፈልጋል።

የአራት ኪሎ ሞርሳ — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡15

የተከበራችሁ ወንድሞቼና ጋሽ ቶርኖ፣ ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

አሉሙ ሠራ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተነሥቼ እስከ ማታ አራት ሰዓት ድረስ በመስታወት ማሰሮ ውስጥ አሙቄው፣ በማግሥቱ ደግሞ ሦስት ሰዓት ጨመርኩለት። የማስኪዮው ስባሪ እንደ ከሰል ዱቄት ሆኖ በስፌት መርፌ ወጣ። ናሱ ከመደብዘዙ በቀር ጥርሱ እንኳ አልተነካም። የቀሩትን ቀዳዳዎች በ1.7 ፑንታ በሳሁ፤ ማስኪዮው ቅቤ ውስጥ የገባ ያህል ነበር።

ለሁለቱ ክዳኖች አሥራ ስድስት ራስ አልባ ብሎኖች ከብስክሌት ሽቦ ሠራሁ፤ ሦስቱ በፊሊዬራው ውስጥ ጠመሙብኝና በድምሩ አሥራ ዘጠኝ ቆረጥኩ። ኤም 2 ዳዶ ከጠጋኙ አገኘሁ፤ ለመልካምነቱ ምስጋናዬ ይድረሰው። ባቡር ወዳጅ በግል በላኩልኝ ዘዴ መሠረት ስምንት ስምንቱን በአንድ የኤም 2 ዘንግ ላይ ደርድሬ፣ ጎኖቻቸውን በሞርሳው መንጋጋ አስተካክዬ፣ በሁለቱም ጫፍ በሌላ ዳዶ ቆልፌ እንደ አንድ ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ ሞረድኳቸው። ከእያንዳንዱ ጎን 0.35 ሚሊሜትር ነበር የሚነሣው። በየአሥር የሞረድ ምት ካሊፐር እያስገባሁ 3.3 ላይ አቆምኩ። የመጀመሪያው ድርድር ላይ አንዱን ጎን አብዝቼ ስለሞረድኩ ዳዶዎቹ ቅርጻቸው ጥቂት ተዛብቷል፤ ስለዚህ እነሱን በኋለኛው ክዳን፣ ወደ ግድግዳ በሚዞረው በኩል አደረግኋቸው።

ትናንት ማታ በ3 ባር አየር አስነሣሁት። የፊተኛው ክዳን በሳሙና ውኃ ሲፈተሽ አንድም አረፋ አልወጣውም። የኋለኛው በሦስተኛውና በአራተኛው ዳዶ መካከል ትንሽ ይተነፍሳል፤ የጓርኒሲዮኑ ወረቀት እዚያ ላይ እንደተሸበሸበ ጠርጥሬአለሁ። ነገ ፈትቼ አየዋለሁ፤ ጋሽ ቶርኖ «ሃያ ጊዜ ትፈታዋለህ» ካሉት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ቡና ልታፈላ ስትል አየችውና ዳዶዎቹን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ፣ «በምን ቁልፍ ነው ይህን የምትፈታው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለ3.3 ሚሊሜትር ዳዶ የሚሆን ቁልፍ በሱቅ እንደማይሸጥ ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። ትናንት ያሰርኩት በሹል ጉጠት ነበር። ቀጭን የብረት ቱቦ በዳዶው ቅርጽ ቀጥቅጦ ቁልፍ ስለ መሥራት ልምድ ያለው ሰው ካለ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።

ጋሽ ቶርኖ — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡00

የአለን ቁልፍ በሞረድ ወደ 3.3 አውርደህ፣ የጋለውን ቱቦ በላዩ ላይ ቀጥቅጠው። ጉጠቱን ግን ዛሬውኑ ከጠረጴዛው አንሣው፤ ያን ሁሉ የሞረድከውን ጎን በአንድ ማታ ያጠፋብሃል።